ከፍ ዝቅ የሚለው ጠረጴዛ፦ ሁሉም ለመቆም ይገዛዋል፣ የሚጠቅመው ግን ለመቀመጥ ነው

በሞተር ከፍና ዝቅ የሚለውን ጠረጴዛ አሁን አሁን ከቤት የሚሰራ ሰው ሁሉ ያወራለታል፣ ማስታወቂያው ላይ ሁሌም አንድ ፈገግ ያለ ሰው ቆሞ ይተይባል፣ ጎኑ ደሞ አንዲት የአበባ ማሰሮ አትጠፋም። እኔም ገዝቼ ስሰራበት ቆይቻለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው፣ እና ዕቃው ጥሩ ነው ግን ማስታወቂያው በሚለው ምክንያት አይደለም። ቆሞ መስራቱ ምርቃት በሉት። ገንዘቡ የሚገባው ዝቅ ማለቱ ላይ ነው።

እንዴት በሉኝ። ተራ የቢሮ ጠረጴዛም የምግብ ጠረጴዛም ብዙውን ጊዜ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ነው ቁመቱ። አሁን ወንበር ላይ ሁኑና እግራችሁን ሙሉ በሙሉ መሬት አስነኩ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት፣ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አድርጋችሁ 90 ዲግሪ እጠፉት፣ ከዛ የሆነ ሰው ከወለሉ እስከ ክርናችሁ በሜትር ይለካላችሁ። ጠረጴዛው መሆን ያለበት እዛ ጋ ነው፣ እንደውም ኪቦርዱ ራሱ ውፍረት ስላለው ትንሽ ዝቅ ቢል ይመረጣል። ረዘም ያለ ሰው ካልሆነ በቀር ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ70 በታች ነው የሚመጣው፣ አጠር ለምንለው ደሞ 60ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁሉ ይወርዳል። በተራው ጠረጴዛ ላይ ያለን ምርጫ እንግዲህ ሁለት ነው፣ ወይ ትከሻችንን ሽቅብ ሰቅለን ስንተይብ እንውላለን (ማታ አንገቴን የምትሉት እሱ ነው) ወይ ወንበሩን ከፍ እናደርግና እግራችን ይንጠለጠላል፣ የወንበሩ ጠርዝ ጭናችንን ከስር ይጫነዋል፣ ከዛ ካርቶን ፈልጎ እግር ስር ማድረግ ይመጣል።

የሚገርመኝ ለወንበር ይሄ ነገር ከታወቀ ቆይቷል። ሄርማን ሚለር የሚባለው የቢሮ ዕቃ ካምፓኒ በ1994 (በፈረንጆቹ) ያወጣው ኤሮን የሚባለው ታዋቂ የቢሮ ወንበር፣ ቢል ስተምፍና ዶን ቻድዊክ የነደፉት፣ እንደ ጫማ በሳይዝ ነው የሚመጣው፣ ኤ ቢ ሲ ተብሎ። ጠረጴዛው ግን ለሁላችንም አንድ። በኮቪድ ጊዜ ደሞ ሰው ሁሉ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲሰራ ሲከርም ወገብና አንገት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ስለዚ ይሄን ጠረጴዛ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት እስከ ስንት ከፍ ይላል የሚለውን ሳይሆን እስከ ስንት ይወርዳል የሚለውን ነው። እግሩ እንደ አንቴና አንዱ አንዱ ውስጥ እየገባ ነው የሚሰራው። ባለ ሁለት ቱቦ የሆነው ርካሹ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ70 ሴንቲ አካባቢ በታች አይወርድም፣ ባለ ሶስት ቱቦው ግን 60 ምናምን ድረስ ይወርዳል፣ ወደ ላይም 125 አካባቢ ይደርሳል። እዚህ ጋ አንድ የሚሸውድ ነገር አለ፣ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የብረቱ ብቻ ነው፣ ከላይ የሚቀመጠው እንጨት አልተደመረበትም። እንጨቱ 2.5 ሴንቲ ቢሆን 70 የተባለው 72.5 ሆነ ማለት ነው፣ ማለትም ተመልሳችሁ የተራ ጠረጴዛ ቁመት ላይ ናችሁ፣ ያውም ሞተር ከፍላችሁበት። የኔ ባለ ሶስት ቱቦ ነው፣ እንጨቱን ጨምሮ እኔ የምፈልገው ቦታ ድረስ ይወርዳል፣ እና እንደዛ ባይሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አላወራም ነበር።

ሞተሩ ሁለት አይነት ነው። ባለ አንድ ሞተር የሆነው ኃይሉን በዘንግ ወደ ሌላኛው እግር ያስተላልፋል፣ ባለ ሁለቱ ግን ለየእግሩ የራሱ አለው፣ የበለጠ ይሸከማል፣ ይፈጥናልም። ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ65 ወደ 110 ለመውጣት 18 ሰከንድ ይፈጃል፣ 38 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደሞ 12 አካባቢ። 6 ሰከንድ ምንድነው ትሉ ይሆናል፣ ስብሰባ ላይ ሆናችሁ ጠረጴዛው እየተጎተተ ሲወጣ ትረዱታላችሁ። ድምፁ ግን አያስቸግርም፣ ዝም ያለ እዝዝዝ የሚል ነገር ነው፣ ሄድሴት ካደረጋችሁ ሌላው ሰው አይሰማውም። ሞተሩ ደሞ እረፍት ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ ማኑዋል ላይ 2 ደቂቃ ከሰራ 18 ደቂቃ ይረፍ ይላሉ፣ ለተለመደው አጠቃቀም ምንም ማለት አይደለም፣ ልጆች ቁልፉን ካገኙት ግን ሊፍት ያደርጉታል።

አሁን ወደ ክፉው እንምጣ። መገጣጠሙ ሲኦል ነው ብል አላጋነንኩም። ብረቱ ከባድ ነው፣ ተገልብጦ ነው የሚገጠመው፣ ከዛ መልሶ ለማቆም ሁለት ሰው የግድ ነው፣ ብቻውን በእግሩ ጠርዝ አንስቶ ለማዞር የሚሞክር ሰው ብሎኖቹን ከቺፕውዱ ውስጥ ነቅሎ ያወጣቸዋል። መመሪያው ስዕል ብቻ ነው፣ አንድ ቃል የለበትም። የኔ ላይ ደሞ ከፋብሪካ ከተበሱት ቀዳዳዎች ሁለቱ ከብረቱ ጋር አልገጠሙም፣ ለሻጩ ስጽፍ ፎቶ ላክ አሉኝ ላክሁ፣ ከዛ ጭጭ። በመጨረሻ ድሪል ተውሼ ራሴ በሳሁት። ቺፕውድ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ሳትበሱ ብሎን በግድ ብታስገቡ እንጨቱ ይፈረካከሳል፣ መብሻውን ከእንጨቱ ውፍረት ያነሰ ቦታ ላይ ፕላስተር ጠቅልሉበት፣ እሱ ጋ ሲደርስ ታቆማላችሁ፣ አለዛ ከላይ በኩል ብቅ ይላል። አብሮ የሚመጣው ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎኑ መፍቻ) ደሞ የብሎኑን አፍ የሚበላ ነው፣ የራሳችሁ ጥሩ ካለ እሱን ተጠቀሙ።

መወዛወዙስ? ቁጭ ብዬ ስሰራ ድንጋይ ነው፣ ምንም። ከፍ ሲል ግን ቱቦው እየረዘመ ስለሚሄድ የግድ ይነቃነቃል፣ ማንም ጭራሽ አይነቃነቅም ቢላችሁ እየዋሸ ነው። የኔ ከ110 ካለፈ በኋላ ስተይብ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ቀለበት ቀለበት ይሰራል፣ ሞኒተሩ ክንድ (ጠረጴዛው ላይ የሚታሰር የብረት መያዣ) ላይ ስለተሰቀለ ደሞ ጫፉ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሿን እንቅስቃሴ ክንዱ አጉልቶ ነው የሚያሳያት። ክንዱን ጠረጴዛው መሃል ከነበረበት ወደ አንደኛው እግር አስጠጋሁት፣ አጠርም አደረግሁት፣ ብሎኖቹንም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደገና አጠበቅኋቸው (መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይላላሉ)፣ ብዙ ተሻሻለ። ለረጅም ሰው ግን ይሄ ከባድ ጉዳይ ነው፣ 120 ላይ የሚቆም ሰው ከመግዛቱ በፊት የሆነ ቦታ ሄዶ በእጁ ገፋ አድርጎ ቢያየው ይሻለዋል።

ሰው የማያስበው ገመዱን ነው። ጠረጴዛው ሽቅብ ሲሄድ ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ ይወጠራል፣ የላፕቶፕ ቻርጀር፣ የሞኒተር ገመድ፣ የኢንተርኔት ኬብል፣ አንዱ አጭር ከሆነ ወይ ይነቀላል ወይ ዕቃ ይዞ ይወድቃል። መፍትሄው ማከፋፈያውን ራሱን ከጠረጴዛው ስር በብሎን ማሰር ነው፣ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ይሰካል፣ አብሮ ይወጣል አብሮ ይወርዳል፣ ወደ ግድግዳ የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ይሆናል። እሱ አንዱ ገመድ ደሞ ጠረጴዛው መጨረሻ ከፍታ ላይ ሆኖ ላላ ብሎ መንጠልጠል አለበት፣ ስለዚ ከፍ አድርጋችሁ ነው የምትለኩት፣ ዝቅ አድርጋችሁ አይደለም።

ግጭት ሲያገኘው ቆሞ ትንሽ ወደ ኋላ የሚመለስበት ሴንሰር አለው፣ ጠንካራ ነገር ላይ ይሰራል። ለስላሳ ነገር ላይ ግን አትመኑት። በብዛት የሚያጋጥመው የወንበሩ እጅ ማስደገፊያ ነው፣ ወንበሩን ጠረጴዛው ስር አስገብታችሁ ስታወርዱት ይጫነዋል። መስኮት ስር የምታስቀምጡም የመስኮቱን ደፍ አስቡ፣ በመሃል የጣት ያህል ሳይሆን የእጅ ያህል ክፍተት ተዉ።

ቆሞ ስለመስራት ደሞ እውነቱን እንነጋገር። ያከሳል የሚባለውን እርሱት፣ መቆም ከመቀመጥ የሚበልጠው በደቂቃ 0.15 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው፣ በሰዓት 9 ማለት ነው፣ ምንም በሉት። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋልም የራሱ ጣጣ አለው፣ እግር ያብጣል፣ ወገብ ይደክማል፣ የደም ስርም ላይ ጫና ነው፣ ቆመው የሚሰሩ አስተናጋጆችን ጠይቁ። ጥቅሙ መቀያየሩ ላይ ነው። እኔ የምቆመው የማዳምጥባቸው ስብሰባዎች ላይ፣ ኢሜይል ስመልስና ስልክ ሳወራ ነው፣ ጭንቅላት የሚፈልግ ጽሁፍ ወይም በማውስ በጥንቃቄ የሚሰራ ነገር ሲሆን ቁጭ እላለሁ። ወለሉ ጠንካራ ከሆነ ወፈር ያለ ምንጣፍ ያስፈልጋል፣ አለዛ ተረከዝ ነው የሚጮኸው።

አንድ የጠቀመኝ ዘዴ አለ፣ ስራ ስጨርስ ጠረጴዛውን የመቆሚያው ቁመት ላይ ሰቅዬ ነው የምወጣው። ማታ ማንም አጠገቡ ቁጭ ብሎ አይሰራበትም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ጠዋት ስመጣ ደሞ ቆሜ እጀምራለሁ ምክንያቱም ለመቀመጥ ቁልፍ መጫን አለብኝ። ከቤት የሚሰራ ሰው ስራው መቼ እንዳለቀ የሚነግረው ነገር የለም አይደል፣ ለኔ ያን ሞልቶልኛል፣ ከኮምፒውተር መዝጋቱ ይልቅ ይሄ ይሰራል ለምን እንደሆነ እንጃ። ለዚህ ሁሉ ግን ቁመት የሚያስታውስ ቁልፍ ያለው መሆን አለበት። እየተጫኑ መጠበቅና በየጊዜው ቁመት መፈለግ ከሆነ በቃ ሰው ይሰለቻል፣ ሞተሩ ቆሞ ይቀራል። የኔ አራት ቁልፍ አለው፣ አንዱ ለመቀመጥ፣ አንዱ ለመቆም፣ አንዱ ጫማ አድርጌ ለመቆም (ሶሉ ሁለት ሶስት ሴንቲ ይጨምራል፣ ክርን ላይ ይታወቃል)፣ አራተኛው ስራ ፈት ነው።

ካሜራውን ሳልረሳው፣ ቁጭ ስትሉ የወንበሩ ጀርባ ኋላችሁ ያለውን ይሸፍናል፣ ስትቆሙ ግን ያልተነጠፈው አልጋ ለመላው ዲፓርትመንት ይታያል። ቪዲዮ ከመክፈታችሁ በፊት አንዴ ቆማችሁ እዩት።

ጠረጴዛው የማይፈታው ነገር ደሞ ላፕቶፑ ራሱ ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ስለሆኑ አንዱ ቢስተካከል ሌላው ይበላሻል፣ ለእጅ ከሆነ አንገት ትደፋላችሁ፣ ለዓይን ከሆነ እጅ ትሰቅላላችሁ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ዓይን ጋ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ርቀቱ ክንድ ሲዘረጋ ያህል፣ ይሄ ሊሆን የሚችለው ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ሲኖር ነው። ስለዚ ገንዘብ ከጠበበ ቅደም ተከተሉ በኔ አስተያየት ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ኪቦርድና ማውስ ግዙና ላፕቶፑን መጽሐፍ ደርድራችሁ ከፍ አድርጉት፣ ቀጥሎ ወገብ የሚደግፍ ቁመቱ የሚስተካከል ወንበር፣ ጠረጴዛው ሶስተኛ ነው። ቁመታችሁ ረዘም ያለ ሆኖ ተራው ጠረጴዛ ክርናችሁ ጋ ልክ የሚመጣላችሁ ሰዎች ደሞ እውነት ለመናገር ባትገዙትም ብዙ አይቀርባችሁም። አጠር ያላችሁ ግን፣ ወይም አንዱን ጠረጴዛ ሁለት ቁመታቸው የተለያየ ሰዎች የምትጋሩ ከሆነ፣ ለእናንተ ነው የተሰራው።

ከገዛችሁ በኋላ አንድ ቀን ሶኬቱ ተነቅሎ ወይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስክሪኗ ላይ ቁመት ሳይሆን የሆነ ፊደል ብታዩ፣ ወይም አንዱ እግር ከሌላው ዝቅ ቢል፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትፈቱት። ብዙዎቹ ላይ የሚሰራው የታች ቁልፉን ተጭኖ መጨረሻ ድረስ ማውረድ፣ ሲቆም ለቅቆ እንደገና ተጭኖ ትንሽ ዝቅ ብሎ መልሶ ብቅ እስኪል መያዝ ነው፣ ከዛ ቁመቱን ራሱ ያስታውሳል። ብቻ ያን ስታደርጉ ወንበሩን ከስሩ አውጡት።