ጅማ ያላችሁ፣ የቆጪውን የፒንግፖንግ ልጅ እወቁልኝ

ጅማ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ፣ ሼርም አድርጉልኝ። ቆጪ ውስጥ ሁለት የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚያጫውት ልጅ አለ። ስሜን እንዳይጽፉ ስላለኝ አልጽፈውም፤ እግዜር ይስጠው ከማለት ግን አይከለክለኝም።

ለሥራ ተዛውሬ ስመጣ ከመሥሪያ ቤት ሰው በቀር የማውቀው አልነበረም። ማታ ማታ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ሲሰለቸኝ፣ ልጅ እያለሁ ፒንግፖንግ እወድ ነበርና መጫወቻ ፍለጋ ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ! አንዱ ጋ "ተሸናፊ ከፋይ ነው" ተባልኩ። ተሸነፍኩ፣ ከፈልኩ፣ ከዚያ አግዳሚ ላይ ተጎልቼ የሰው ጨዋታ ሳይ አመሸሁ። ሌላው ጋ ሁለት ለሁለት ነው፤ ጎበዝ ከጎበዝ ይጣመርና እንደኔ ያለውን ጠራርጎ ያስወጣል። ባለቤቱ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ቀና ብሎም አላየኝ። አንዱ ጎረምሳማ "ማዘር፣ ዳማ አይሻልዎትም?" ብሎኛል። የት እንደሆነ አልናገርም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የቆጪው ልጅ ጋ ግን ማንም ከማንም ጋር ተጣብቆ አይቀርም። ስምንት ሰው ሲሞላ ወረቀት ላይ ይደለድላል። ሰባት ዙር ነው፤ በየዙሩ አጣማሪ ይቀየራል፣ ሲያልቅ ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ተጣምራችሁ ትወጣላችሁ። ሰባት ሰው ብቻ ከመጣ እሱ ራሱ ራኬት ያነሳል። አሜሪካኖ ይሉታል፤ ያመጣው ፓደል ከሚባል፣ በመስታወት ግድግዳ በታጠረ ሜዳ ከሚጫወቱት የራኬት ጨዋታ ነው። ፓደሉ በፈረንጆቹ 1969 ሜክሲኮ፣ አካፑልኮ ውስጥ ነው የተጀመረው። እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

የማልረሳለትን ልንገራችሁ። በአንድ ጨዋታ በጠቅላላው 24 ነጥብ ነው የሚቆጠረው። የመጀመሪያ ቀን 15 ለ9 ተሸነፍንና እንደለመድኩት ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ወዴት ነው? ዘጠኝ አስገብተዋል እኮ" አለኝ። ስሜ አጠገብ በእስክሪብቶ 9 ጻፈና "ይቺ የእርስዎ ናት፣ ማንም አይወስድብዎትም፤ በሚቀጥለው ላይ ትደመራለች" አለ። ለካ ብንሸነፍም ያስገባነው ነጥብ ለየግላችን ይያዝልን ኖሯል! እንባዬ መጣ ብል ትስቁብኝ ይሆናል።

በዚያው ቀን አንድ ጎበዝ ተጫዋች እኔ ስደርሰው ፊቱን አጨማደደ። ልጁ አልተቆጣውም። ወረቀቱን አሳየውና "ከአንተ ጋር አንዴ፣ ከፊትህ ደግሞ ሁለቴ ይቆማሉ" አለው፣ በቃ። ጎበዙም ትንሽ ቆይቶ "ማዘር፣ ከመቱ በኋላ ወደ ጎን ይልቀቁልኝ" እያለ ያስተምረኝ ጀመር። ጥንድ ሲኮን ተራ በተራ ነው የሚመታው፤ እኔ መሀል ላይ ተገትሬ መንገድ እዘጋበት ነበር።

አንዳንድ ቅዳሜ ሜክሲካኖ የሚባለውን ያጫውታል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ነጥብ እየታየ እንደገና ይደለደላል። እንዴት እንደሚያሰላው እስከዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ ወደ መጨረሻው አካባቢ ከአቅሜ ጋር የሚመጣጠን ሰው ነው የሚገጥመኝ።

ዛሬ መርካቶ ስወርድ በስሜ የሚጠራኝ ሰው አለ። ባለፈው ጉንፋን ሲጥለኝ ማር ይዛ የጠየቀችኝ ሴት እዚያ የተጣመርኳት ናት። እህቴ እንኳ በስልክ "በረታሽ" አለችኝ።

ኧረ ሂዱ! ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። አልችልም ብላችሁ አትፈሩ፤ ባለፈው ቅዳሜ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አልሳቀብኝም። ዝናብ ነው እንዳትሉ፣ ጣሪያ አለው። ሒሳቡ ላሸነፈም ለተሸነፈም እኩል ነው። ራኬት እሱ ጋ አለ፣ ጫማ ብቻ የማያንሸራትት አድርጉ። ቅዳሜ ከሰዓት ከ9 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ስምንቱ ከሞላ የሚቀጥለውን ምድብ መጠበቅ ነው።