ለመመረቂያ ጽሑፍ ግራፍ ኤክሴል ወይስ ላቴክ? ገንዘቡ የሚሄደው ለቀለም ነው

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በተቃረበ ቁጥር ከጓደኞቼ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጽሑፌን በላቴክ ነው የምጽፈው፤ ግራፎቹን ግን በኤክሴል ሠርቼ ብለጥፍ ምን አለበት?» ላቴክ ማለት ጽሑፍን ከትእዛዝ ጋር በተራ ፋይል ጽፈን ወደ ፒዲኤፍ የምናቀናብርበት ነጻ ሶፍትዌር ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። እኔ የምመርጠው ፒጂኤፍፕሎትስን ነው፤ ላቴክ ውስጥ ግራፍ የሚሥለውን ነጻ ጥቅል (ተጨማሪ መሣሪያ) ማለቴ ነው። የመስመርም ሆነ የዓምድ ግራፍ ኤክሴልም ላቴክም ስለሚሠሩ በዚያ አላደክማችሁም። ልዩነቱ የሚወጣው አማካሪያችሁ «ይህ ቀለም አይታይም፤ ቀይረው» ያለ ዕለት ነው።

በሒሳቡ ልጀምር። የሶፍትዌሩን ዋጋ ሁሉም ይጠይቃል፤ የኅትመቱን ግን ማንም አያስብም። 20 ባለ ቀለም ገጽ ያለው ጽሑፍ ለአማካሪ፣ ለፈታኞች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለራስ 5 ቅጂ ሲወጣለት 100 ባለ ቀለም ገጽ ይሆናል። ጥቁርና ነጩ ገጽ 3 ብር፣ ባለ ቀለሙ 20 ብር ነው እንበል (እናንተ የምታሳትሙበትን ቤት ዋጋ ተኩበት)። በ300 ብር የሚያልቀው 2,000 ብር ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ግራፉ በጥቁርና ነጭ ወጥቶም የሚነበብ ከሆነ 1,700 ብር ኪሳችሁ ውስጥ ቀረ።

ችግሩ ኤክሴል በነባሪ የሚሰጣችሁ ቀለም ለዚህ አለመመቸቱ ነው። የ2016ቱ እትም ይዟቸው የመጣው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀለሞች ሰማያዊ (68፣ 114፣ 196)፣ ብርቱካናማ (237፣ 125፣ 49) እና ግራጫ (165፣ 165፣ 165) ናቸው፤ በቅንፍ ያሉት ቁጥሮች በቅደም ተከተል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ናቸው። ቀዩን በ0.30፣ አረንጓዴውን በ0.59፣ ሰማያዊውን በ0.11 አባዝታችሁ ደምሩ፤ ቀለሙ ወደ ግራጫ ሲለወጥ የሚኖረውን ድምቀት በግምት ታገኛላችሁ። 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። ውጤቱ 109፣ 150 እና 165 ነው። ስክሪን ላይ ብርቱካናማና ግራጫ ሰማይና ምድር ይመስላሉ፤ ፎቶኮፒ ላይ ግን የትኛው ዓምድ የትኛው እንደሆነ ፈታኙ እናንተኑ ይጠይቃል።

ላቴክም ቢሆን ዝም ብሎ አያድናችሁም። «ግሪን» ብላችሁ ብትጽፉ የሚሰጣችሁ 0፣ 255፣ 0 ነው፤ ዓይን የሚወጋ፣ በቀጭን መስመር ሲታተም ደግሞ የሚገረጣ ቀለም። እኔ የምጠቀመው ጃፓናውያኑ ኦካቤ እና ኢቶ ቀለም ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎችን አስበው ያዘጋጁትን ስብስብ ነው። ከእሱም አራቱን ብቻ እወስዳለሁ፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ (0፣ 114፣ 178)፣ ብርቱካናማ (230፣ 159፣ 0) እና ቢጫ (240፣ 228፣ 66)። በግራጫ ሲሰሉ 0፣ 87፣ 163 እና 214 ይሆናሉ፤ በመካከላቸው በቂ ርቀት አለ። ቢጫውን ግን ዓምድ ለመሙላት እንጂ ለቀጭን መስመር አትጠቀሙበት። የዚያው ስብስብ አረንጓዴና ቀይ ብርቱካናማ ስክሪን ላይ ያምራሉ፤ በግራጫ ግን 106 እና 119 ስለሆኑ አብራችሁ አታሰልፏቸው።

ቀለሞቹን ኤክስከለር በሚባለው ጥቅል፣ በሰነዱ መግቢያ (ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት ትእዛዞች በሚጻፉበት ክፍል) ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ስም ሰጥታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ስሙን «ሰማያዊ» ሳይሆን በሚወክለው ነገር፣ ለምሳሌ በስንዴና በጤፍ፣ በላቲን ፊደል ሰይሙት። ከዚያ በኋላ በአምስት ምዕራፍ የተበተነው የጤፍ መስመር ሁሉ አንድ ረድፍ ሲታረም አብሮ ይለወጣል። ደብዘዝ ያለ ቀለም ሲያስፈልግ ከስሙ ቀጥሎ ቃለ አጋኖና 40 መጻፍ ብቻ ነው፤ 40 በመቶ ቀለም፣ ቀሪው ነጭ። ኤክሴልም የገጽታ ቀለሞችን ባንድ ጊዜ ይቀይራል፤ አልክድም። ነገር ግን በምስልነት አውጥታችሁ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባችኋቸው ግራፎች ይህን አይሰሙም፤ አንድ በአንድ እንደገና ማውጣትና መተካት ነው።

ከሁሉም የምወደው ኤክስከለርን ስትጠሩ «ግሬይ» የሚል አንድ አማራጭ መጨመር ነው። በኤክስከለር የተሰየሙት ቀለሞች ሁሉ ወደ ግራጫ ይለወጣሉ፤ ለማተሚያ ቤት አንድ ሳንቲም ሳትከፍሉ ግራፎቹ ምን እንደሚመስሉ ታያላችሁ።

«የግራፍ ሶፍትዌር ከሱቅ ገዝቼ ብገላገልስ?» ለምትሉ፣ ያለ ፈቃድ የተባዛ ሶፍትዌር የገዛ አንድ ጓደኛዬ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ሲገዛው ርካሽ ነበር። ከሶፍትዌሩ ጋር የገባው ቫይረስ ኮምፒውተሩን ሲያንቀራፍፈው ጠጋኙ ሁሉንም አጥፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫነለት፤ ለጥገና የከፈለው ለሶፍትዌሩ ከከፈለው በለጠ። ቅጂው ሁለተኛ ጊዜ አልጫን አለ። የግራፎቹን ፋይል ደግሞ ከዚያ ሶፍትዌር በቀር የሚከፍተው አልነበረም። አማካሪው ቀለም እንዲቀይር ሲያዝዘው በእጁ የቀሩት ብዥ ያሉ ምስሎች ብቻ ነበሩ። የላቴክ ግራፍ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በየትኛውም ኮምፒውተር፣ በኖትፓድም ሳይቀር ይከፈታል።

«ነጻ» ስል ግን የኢንተርኔቱን ክፍያ አልረሳሁትም። ላቴክን ከነጥቅሎቹ የያዘው ቴክ ላይቭ ሙሉው ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለማውረድ አትሞክሩ፤ ካወረደ ሰው በፍላሽ ገልብጡ፤ መገልበጡ ሕጋዊ ነው። ሌላው የላቴክ ስርጭት ሚክቴክ በትንሹ ተጭኖ የጎደለውን ጥቅል ሲያስፈልግ ብቻ ያወርዳል። በድረ ገጽ ላቴክ የሚጻፍበት ኦቨርሊፍ መጫን አይጠይቅም፤ ነጻው አገልግሎት ግን የማቀናበሪያ ጊዜ ገደብ ስላለው ግራፍ የበዛበት ሰነድ መሐል ላይ ሊቆምባችሁ ይችላል።

አንዲት የመደመር ምልክትም ብዙ ሰው ታስለቅሳለች። «አድፕሎት» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ በቅንፍ ቀለም ብቻ ስትጽፉ ፒጂኤፍፕሎትስ በነባሪ የሚሰጣቸውን ክቦችና አራት ማዕዘኖች ይጥላል፤ መስመሮቹም በፎቶኮፒ አይለዩም። ከቅንፉ በፊት + ካስገባችሁ ቀለሙ ይቀየራል፣ ምልክቶቹም ይቆያሉ። በግራፉ ላይ የአማርኛ ስያሜ ካለ ደግሞ ዩኒኮድ በሚያነቡት የላቴክ ዓይነቶች በዚላቴክ ወይም በሉዋላቴክ አቀናብሩ፤ እንደ አቢሲኒካ ያለ የግእዝ ፎንት ምረጡ።

ጽሑፋችሁ በወርድ ከሆነ፣ ግራፋችሁም ሦስትና አራት ብቻ ከሆነ ኤክሴል ይበቃችኋል፤ ለዚያ ብላችሁ ላቴክ አትማሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ላሏችሁም ፒጂኤፍፕሎትስ ማህደረ ትውስታ ሊያጥረው ይችላል፤ ማትፕሎትሊብ በሚባለው የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ግራፍ መሣያ ሣሉና በፒዲኤፍ አስገቡት፤ እሱም ነጻ ነው። ማቀናበሩን ለማፍጠን ግራፎችን ለየብቻ የሚያስቀምጠውን «ኤክስተርናላይዝ» የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በመግቢያው ላይ ቀለም መቀየራችሁን አያውቅም፤ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የተቀመጡትን የግራፍ ፋይሎች አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አቀናብሩ፤ አለዚያ የምትከፍሉት ለአሮጌው ቀለም ነው።