የበረራ ርቀት ማስያ ድረ ገጾች፦ በኪሎ ሜትሩ አይታሙም፣ በሰዓቱ ግን…

የሁለት ከተሞችን ስም ተቀብለው የበረራ ርቀትና ጊዜ የሚያሰሉ ነፃ ድረ ገጾች ርቀቱ ላይ ጎበዞች ናቸው። ከለንደን ሂትሮው እስከ ኒውዮርክ ኬኔዲ 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣሉ፤ ልክ ነው። ምድርን ፍጹም ድቡልቡል አድርገው የሚያሰሉት እንኳ ስህተታቸው ከ0.5 በመቶ ብዙም አያልፍም። ከከተማ ስም ይልቅ የኤርፖርቱን ባለ ሦስት ፊደል ኮድ ያስገቡ፤ አለዚያ ከመሀል ከተማ መሀል ከተማ ሊለኩ ይችላሉ። ማይል ከሰጡዎት የትኛው እንደሆነ ያጣሩ፦ የየብሱ 1.609፣ የባሕሩ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው።

ሰዓቱ ላይ ግን ይሰንፋሉ። ብዙዎቹ ርቀቱን ለቋሚ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በሰዓት ለ850 ኪሎ ሜትር፣ አካፍለው ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ። በዚህ ስሌት ከለንደን ኒውዮርክ ሲሄድም ሲመለስም በረራው 7 ሰዓት ነው። በተግባር ወደ ምሥራቅ 7፣ ወደ ምዕራብ 8 ገደማ ይፈጃል፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ አንዱን ይገፋል፣ ሌላውን ይይዛል። ነፋሱን የማይጠቅስ ማስያ ለግምት እንጂ ለቀጠሮ አይሆንም።

የበረራ ሰሌዳ ካለዎት ራስዎ ቢያሰሉ ይሻላል። ከኒውዮርክ 19፡00 ተነስቶ በማግስቱ 07፡00 ለንደን የሚደርስ በረራ 12 ሰዓት ይመስላል፤ ለንደን ከኒውዮርክ የምትቀድምበት የ5 ሰዓት ልዩነት ሲቀነስ 7 ነው። በማርች ወር ይጠንቀቁ፦ ኒውዮርክ ሰዓቷን ከለንደን ቀድማ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለምትገፋ ልዩነቱ ለጥቂት ሳምንታት 4 ይሆናል።