የዳይሬክተሩ የራሱ ማህደር፦ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አገልግሎት ሲመዘን

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የአበሉ ስሌት፣ ሌላው ለስሌቱ ቁጥር የሚያቀብለው ማህደር። ስሌቱ ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው ማህደሩ ነው፤ በተለይ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግሎ፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ተዛውሮ፣ ቡድን መሪ ከዚያም ዳይሬክተር ለሆነ ሰው። የሌላውን ማህደር ሲያገላብጥ የኖረ ኃላፊ የራሱን የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ የጡረታ ማስታወቂያው ሲደርሰው ነው። ያኔ የቀረው ሦስት ወር ነው፤ ለጠፋ ደብዳቤ ሦስት ወር አይበቃም።

ስሌቱን እንይ። ሠራተኛው ከደመወዙ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። መውጫው ዕድሜ 60 ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይደመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ወታደርና ፖሊስ ስሌታቸው ሌላ ስለሆነ እዚህ አናነሳውም። «ጡረታ ማለት 70 በመቶ ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አሳስቷል። 70 የሚሞላው በ42 ዓመት አገልግሎት ነው፤ ማለትም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ ለሠራ ብቻ። ዲግሪውን ይዞ በ22 ዓመቱ የገባ ሰው 60 ሲሞላው ያለው 38 ዓመት ነው፤ 28 ሲባዛ በ1.25፣ 35 ይሆናል፤ ከ30 ጋር 65 በመቶ።

ከፍተኛ ባለሙያንና ኃላፊን የሚጎዳው ግን መቶኛው ሳይሆን «አማካይ» የምትለዋ ቃል ናት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የደመወዝ ስኬሉ ሲሻሻል የላይኛው እርከን ከ21,492 ብር ወደ 39,000 ብር ወጥቷል። ጭማሪው በወጣ ማግስት ጡረታ የሚወጣ ሰው ግን አበሉ በአዲሱ ደመወዝ አይሰላለትም፤ የ36ቱ ወር ደመወዝ ተደምሮ ለ36 ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል፣ 24 ወር በ15,000 እና 12 ወር በ25,000 ብር የሠራ ሰው አማካዩ 18,333 ብር ነው። 65 በመቶው 11,917 ብር ግድም ይሆናል። ሦስቱንም ዓመት በ25,000 የሠራው የሥራ ባልደረባው በዚያው 38 ዓመት አገልግሎት 16,250 ብር ያገኛል። ደረጃው አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ ልዩነቱ በወር ከ4,300 ብር በላይ። ይህ የስሌቱ ደካማ ጎን ነው፤ የዋጋ ንረት ባለበት አገር ደግሞ ይበልጥ ያማል።

አማካዩ ውስጥ የሚገባው መደበኛ ደመወዝ ብቻ ነው። የቤት፣ የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል ምንም ቢበዛ አይገባም። ስለዚህ ለዓመታት «በተጠባባቂነት» ዳይሬክተር የነበረ ሰው፣ የተከፈለው የኃላፊነት አበል ብቻ ከሆነ፣ ጡረታው የሚሰላው በዋናው መደቡ ደመወዝ ነው። ውክልናው ወደ ቋሚ ምደባ እንዲቀየር መጠየቅ ያለበት ከመውጫው ሦስት ዓመት አስቀድሞ ነው፤ በመጨረሻው ዓመት ቢሳካ እንኳ የሚነካው የአማካዩን ሲሶ ነው። (ሚኒስትርና ሚኒስትር ዴኤታ የሚስተናገዱት ከኃላፊነት የተነሱ ከፍተኛ ሹማምንትን መብት በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 653/2001 ነው። ዳይሬክተር የመንግሥት ሠራተኛ እንጂ ተሿሚ አይደለም፤ እዚያ ውስጥ ራሱን የሚፈልግ ብዙ ነው።)

ወደ ማህደሩ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ወረቀት የሕይወት ታሪክ ቅጹ ነው። ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠር በተመዘገበው ነው። በኋላ የወጣ የልደት ካርድ ያንን አያስቀይርም። ሁለተኛው ስም ነው፤ በቅጥር ደብዳቤው «ኃይለ» የተባለው አያት በመታወቂያው «ሃይሌ» ሆኖ ሲገኝ ጉዳዩ ይቆማል፤ ሰውየው አንድ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ መምጣት አለበት።

ሦስተኛውና ከባዱ የአገልግሎት ክፍተት ነው። እያንዳንዱ ዝውውር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የለቀቁበት ደብዳቤ፣ የተቀበሉበት ደብዳቤ፣ የመጨረሻ ደመወዝና የጡረታ መዋጮ መቆረጡን የሚገልጽ ማስረጃ። መሥሪያ ቤቶች በየጊዜው ሲዋሃዱ፣ ሲከፈሉና ስም ሲቀይሩ ማህደር ይጠፋል፤ ወራሹ መሥሪያ ቤት ሪከርድ ክፍል ውስጥ ጆንያ ማገላበጥ ይመጣል። ያለ ደመወዝ የወጡበት ፈቃድ መዋጮ ስላልተከፈለበት ከአገልግሎት ጋር አይደመርም። በመሃል ግል ድርጅት ወይም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሠራ ሰው ደግሞ 2003 ዓ.ምን ልብ ይበል፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ መዋጮ የተከፈለበት ዘመን ከመንግሥቱ ጋር ይያያዛል። በፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛው ሲለቅ በአንድ ጊዜ የሚወስደው የቁጠባ ገንዘብ) የቆየ ግን ገንዘቡን እንጂ ዘመኑን ይዞ አይመጣም።

ቀድሞ መውጣት ለሚያስብ፣ 25 ዓመት አገልግሎና ለ60 ዓመት 5 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ቀርቶት በፈቃዱ የሚለቅ ሰው አበሉ ወዲያው ይጀምርለታል። በ54 ዓመት ከ11 ወር ማመልከቻ ማስገባት ግን ውድ ስህተት ነው፤ አንድ ወር መታገሥ አምስት ዓመት ያለ አበል ከመቀመጥ ያድናል።

አገልግሎቱ በጣም የሚመሰገነው ለተተኪዎች ባለው ድርሻ ነው። ባለጡረታው ሲሞት ለሚስት ወይም ለባል የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል፤ ድምሩ ከ100 እንዳይበልጥ ይስተካከላል። እዚህም የሚያደናቅፈው ወረቀት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በሽማግሌ የተጋቡ ባልና ሚስት ጋብቻቸውን ሳያስመዘግቡ ኖረው ከሆነ ሚስት ፍርድ ቤት ሄዳ ማስወሰን ይኖርባታል። ማስመዝገቡ ሁለቱም በሕይወት እያሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ቅጂውን ከማህደሩ ጋር ማያያዝ የደብዳቤ ቁጥር ማስወጣትን ያህል ነው።