የጣት ፐልስ ኦክሲሜትር፦ ለጠቆረ ቆዳና ለደጋ ነዋሪ ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

ኮቪድ ጋብ ካለ በኋላም ፐልስ ኦክሲሜትር ከብዙ ቤት መሳቢያ አልወጣም። የልብስ መቆንጠጫ የምታህለው፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን በመቶኛ የምትለካው ይህች መሣሪያ አስም፣ የሳንባ ምች ወይም የልብ ድካም ላለበት ሰው ትገዛለች፤ ውጭ አገር ያሉ ልጆችም ለወላጆቻቸው ይልኳታል። ከዚያ ስልክ በተደወለ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ ስንት አለ?» ይሆናል። ይህ ግምገማ አንድ ብራንድ ለይቶ አይመለከትም። በየፋርማሲውና በኦንላይን የሚሸጠውን፣ በሁለት ትናንሽ ባትሪ የሚሠራውን የጣት ኦክሲሜትር በጥቅሉ ያያል፤ የጥራት ልዩነት ቢኖርም ዋናዎቹ ድክመቶች የሁሉም ናቸውና። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ለውጥን ለመከታተል ጥሩ ዕቃ ነው፣ መግዛቱ አይከፋም። «ደህና ነህ፣ ሐኪም ቤት አያስፈልግህም» ለማለት ግን አይበቃም፣ በተለይ ቆዳው ጠቆር ላለ ሰው።

አሠራሩን ሳያውቁ ድክመቱን መረዳት ያስቸግራል። ጣት ከሚገባበት አፍ በአንዱ ወገን ሁለት መብራቶች አሉ፤ አንዱ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ፣ ሌላው 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ። በሌላው ወገን ብርሃን ተቀባይ አለ። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ሲሸከም ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፣ ኢንፍራሬዱን ይውጣል፤ ኦክሲጅን የሌለው ደግሞ ቀዩን አብዝቶ ይውጣል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በኒሆን ኮህደን ኩባንያ ሳለ በ1974 እ.ኤ.አ. ያመጣው ብልሃት ልብ በመታ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብርሃን ብቻ ለይቶ ማስላት ነው። አጥንቱ፣ ሥጋውና የቆዳው ቀለም ከምቱ ጋር ስለማይለዋወጡ ከስሌቱ ይወጣሉ ተብሎ ታሰበ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። በተግባር ግን ሜላኒን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ከሁለቱ ብርሃኖች ቀዩን አብልጦ ስለሚውጥና ወደ ተቀባዩ የሚደርሰው ምልክት ስለሚዳከም ስሌቱ ሙሉ በሙሉ አይጸዳም።

የሁለቱን ብርሃን ጥምርታ ወደ መቶኛ የሚቀይረው ሠንጠረዥ ደግሞ ከፊዚክስ ቀመር ብቻ የተገኘ አይደለም። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ኦክሲጅኑ የተቀነሰ አየር እንዲስቡ ይደረጋል፤ በየደረጃው ከአርተሪ፣ ማለትም ከልብ ደም ከሚያወጣው ቧንቧ፣ ደም ይቀዳና የላቦራቶሪው ውጤት ከመሣሪያው ንባብ ጋር ይገጠማል። ሰውን ከ70 በመቶ በታች ማውረድ ስለማይቻል ከዚያ በታች የሚታየው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ዋናው ጥያቄ ፈቃደኞቹ እነማን ነበሩ የሚለው ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አሥር ሰው ይበቃ ነበር፤ ከእነሱ መካከል ቆዳቸው የጠቆረ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ወይም 15 በመቶ፣ ከሁለቱ የበዛው፣ ከተገኙ ደንቡ ተሟላ ማለት ነው። ሁለት ሰው! የአፍሪካን ሕዝብ የቆዳ ቀለም በሁለት ሰው መወከል ይቻላል ብሎ ማሰብ በራሱ ብዙ ይናገራል።

ጉዳዩን አደባባይ ያወጣው በታኅሣሥ ወር 2020 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ነው። ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 ሲያነብ፣ በዚያው ሰዓት ከአርተሪ በተቀዳው ደም ላይ ግን እውነተኛው መጠን ከ88 በታች የሆነባቸውን ታካሚዎች ቆጠሩ። በሚቺጋን ሆስፒታል ከጥቁር ታካሚዎች ንባቦች 11.7 በመቶው፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶው እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ከብዙ ሆስፒታሎች በተሰበሰበው መረጃም 17 በመቶ ለ6.2 ነበር። እነዚህ የቤት መሣሪያዎች አይደሉም፣ የሆስፒታል መሣሪያዎች ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የዚህን ዋጋ አሳየ፦ መሣሪያው ኦክሲጅናቸውን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነበበላቸው ጥቁር የኮቪድ ታካሚዎች ሕክምና እንደሚገባቸው የታወቀው ዘግይቶ ነበር፣ ለአንዳንዶቹም ጭራሽ አልታወቀም። ግኝቱ አዲስ መስሎ ተወራ እንጂ የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ በ2005 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር። ከዚያም በላይ አንድ ነገር አክሎ ነበር፤ ስሕተቱ ኦክሲጅኑ በወረደ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለቤት ተጠቃሚ ከሁሉ ትበልጣለች። መሣሪያው ሁልጊዜ በሁለት ነጥብ ከፍ አድርጎ ቢያነብ ኖሮ ሁለት ቀንሶ መገላገል ይቻል ነበር። እሱ ግን 97 ላይ ብዙም ሳይሳሳት 88 ላይ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው በአንድ ቀን ከ96 ወደ 92 ከወረደ፣ እውነተኛው መውረድ ከአራት ነጥብ ሊበልጥ ይችላል ብሎ መያዝ ይሻላል። አንድ ጥንቃቄ፦ እነዚህ የአሜሪካ ጥናቶች ሰዎችን የለዩት በዘር እንጂ የቆዳቸውን ጥቁረት ለክተው አይደለም። ቀይ ዳማ የሆነ ሰውና ጥልቅ ጥቁር የሆነ ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት አይጠብቃቸውም።

በማሸጊያው ላይ «±2» የሚል ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው ከሁለት በላይ አይሳሳትም ብሎ ይረዳዋል። አይደለም። ትርጉሙ ከሦስት ንባቦች ሁለቱ ገደማ በዚያ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ ነው፤ ሦስተኛው ከዚያ ውጭ ነው። ኤፍዲኤ ራሱ በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ሲያስጠነቅቅ፣ ፈቃድ ያገኘ መሣሪያ 90 ሲያሳይ እውነቱ በአብዛኛው ከ86 እስከ 94 ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ፈቃድ ሳይኖራቸው በርካሽ ከሚሸጡት መካከል ስድስቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ተፈትነው አብዛኞቹ የዓለም አቀፉን የጥራት መስፈርት አላሟሉም፤ የባሰው ደግሞ ኦክሲጅኑ ዝቅ ሲል ነበር፣ ማለትም መሣሪያው በሚፈለግበት ሰዓት።

ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ብርሃን ወይም ለአስመራ ነዋሪ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መመሪያ ወረቀቱ «ጤናማ 95–100» የሚለው ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጤነኛ ሰው ላይ 93 ወይም 94 ማየት ብርቅ አይደለም፤ በዚያ ምክንያት እናትን በሌሊት መቀስቀስ አያስፈልግም። በሌላ በኩል «ደጋ ስለሆነ ነው» እያሉ ሁሉንም ዝቅተኛ ቁጥር ማለፍም አይሠራም። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ የተለኩ ነዋሪዎች አማካይ ንባብ 95.3 በመቶ ነበር፤ በከፍታው ከሚጠበቀው እጅግ የበለጠ። ከዘር ወደ ዘር የተላለፈ መላመድ ነው ተብሎ ይታሰባል። ለግለሰብ ግን አማካይ ቁጥር አይበጅም፤ የሚበጀው የራሱ የጤና ጊዜ ቁጥር ነው። ስለዚህ መሣሪያው በተገዛበት ሳምንት፣ ሳይታመሙ፣ ጠዋትና ማታ እየለኩ ለአንድ ሳምንት መጻፍ ነው። ከዚያ መነሻ ሦስት ነጥብና ከዚያ በላይ መውረድ፣ በተለይ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከታከለበት፣ ሐኪም ማየት ይገባል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ግራ ከተጋባ ቁጥሩን ትቶ መሄድ ነው። የቆየ የሳንባ በሽታ ላለባቸው አንዳንድ ሰዎች ሐኪሙ ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ሊፈልግ ይችላል፤ እነሱ በጎረቤት ቁጥር አይመሩም። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው ደግሞ መነሻውን እንደገና ይለካ።

አለካኩ ላይ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ከችኮላ ነው። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፤ እጅ ከቀዘቀዘ አሽቶ ማሞቅ፤ የጥፍር ቀለም፣ በተለይ ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴውን፣ ማስለቀቅ። ሰው ሠራሽ ጥፍር፣ ሂና ወይም እንሶስላ ያለበትን ጣት መተው ነው። መሐል ጣት ወይም ሌባ ጣት እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ጥፍሩ ወደ ላይ፤ እጁ ደረት ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ አይንቀሳቀስም። በመጀመሪያ የሚመጣው ቁጥር አይያዝም። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠበቅና ለአምስት ሴኮንድ ሳይነቃነቅ የቆመው ይጻፋል። በመስኮት የሚገባ ኃይለኛ ፀሐይ ካለ ጣቱን በጨርቅ መሸፈን ይረዳል።

ቁጥሩን ለማመን ጥሩው ፈተና የልብ ምት ነው። በአንጓ ላይ ምቱን ለ30 ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትና መሣሪያው ከሚያሳየው የልብ ምት ጋር ማስተያየት። መሣሪያው 54፣ ጣትዎ 80 ካለ ኦክሲጅኑንም አይመኑት፤ ምቱን በትክክል ያልያዘ መሣሪያ የኦክሲጅኑን ስሌት ከየት ያመጣል? ፒአይ የሚባለውን የደም ፍሰት አመልካች የሚያሳዩት ሞዴሎች ለዚህ ተመራጭ ናቸው፤ ከ0.5 በታች ከሆነ እጁን አሙቆ ወይም ጣት ቀይሮ እንደገና መለካት ይገባል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ግን አደገኛ ጉድለት አለች። ስክሪኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ከታየ 86 ቁልጭ ብሎ 98 ይነበባል፤ 68ም 89 ይሆናል። አስታማሚው ከፊት ለፊት ቆሞ ሲያይ ይህ ይከሰታል። በቁልፍ ስክሪኑን የሚያዞሩ ሞዴሎች ነገሩን ይባስ ያወሳስቡታል። ከቁጥሩ በፊት የፐርሰንት ምልክቱ የት እንዳለና ጽሑፉ ቀጥ ብሎ መቆሙን ማየት ግድ ነው።

በፍጹም የማይሠራበት ቦታም አለ፤ የከሰል ጭስ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቆ ኦክሲጅንን ያባርራል። ቀዩ ብርሃን ግን እሱን ከኦክሲጅን አይለየውም፤ ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያስመልሰው፣ ሊወድቅ የደረሰ ሰው ላይ 98 ሊያሳይ ይችላል። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት ከተሰማ መሣሪያውን ከመፈለግ በር ከፍቶ መውጣትና ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ከባድ ደም ማነስም እንዲሁ ያታልላል፤ ያለው ጥቂት ሄሞግሎቢን ሁሉ ኦክሲጅን ከተሸከመ ንባቡ ሙሉ ነው፣ ወደ ሰውነት የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው።

ሲገዙ ምን ይታይ? መጀመሪያ ማሸጊያው። «ለጤና ክትትል ብቻ፣ ለሕክምና አይደለም» የሚል ካለበት በተቆጣጣሪ ያልተፈተሸ ሊሆን ይችላል። ለሕፃን አዋቂ የሚጠቀምበትን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጣቱ ቀጭን ስለሆነ ብርሃኑ በጎን ያመልጣል፣ ለእነሱ እግር ላይ የሚጠመጠም ልዩ ፕሮብ አለ። የእጅ ሰዓቶች ከቆዳ ላይ የተንጸባረቀ ብርሃን ይለካሉ፤ ለእንቅልፍ ክትትል ይሁኑ እንጂ ለታማሚ አይሆኑም። የስልክ መተግበሪያ በካሜራ ኦክሲጅን እለካለሁ ካለ አጥፉት።

ከወደፊቱ አንጻር ጥሩ ነገር እየመጣ ነው። ኤፍዲኤ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ረቂቅ መመሪያ የፈቃደኞቹን ቁጥር ከአሥር ወደ 150 ከፍ አድርጓል፤ የቆዳ ቀለማቸውም አሥር ደረጃ ባለው የመንክ መለኪያ ተለይቶ በየወገኑ በቂ ሰው እንዲኖር ይጠይቃል። የሳን ፍራንሲስኮው ላቦራቶሪ ደግሞ ኦፕን ኦክሲሜትሪ በተባለ ፕሮጀክት በገበያ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን እየፈተነ ውጤቱን በነፃ ያወጣል። ግዢ ከመፈጸም በፊት የሞዴሉን ቁጥር እዚያ መፈለግ ነው። ዛሬ በእጃችን ያሉት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ግን በአሮጌው መስፈርት የተሠሩ ናቸው። ለጊዜው ከመሣሪያው ጋር የሚቀመጥ ደብተርና እስክሪብቶ ከሌላ ውድ ሞዴል ይልቅ ይጠቅማል፤ ባትሪው ደግሞ ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ ይውጣ፣ ፈሶ ውስጡን ያበላሻል።