የአየር ጠመንጃ ውስጡ ሲታደስ፦ የብረት ሞላ ወይስ ጋዝ? ቆዳ ወይስ ፕላስቲክ?

ለበዓል ኢላማ የሚያስተኩሱም፣ ግቢያቸው ውስጥ ጣሳ የሚመቱም የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ጠመንጃው ደክሟል፣ ምን ልቀይርለት? አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያስበው ጠንካራ ሞላ ነው። እኔ ግን በተለይ የደሴ ልጆችን፣ ሞላውን ተዉትና መጀመሪያ የፒስተኑን ጎሚኒ፣ ማለትም አየር እንዳያመልጥ ጫፉ ላይ ያለውን ማሸጊያ፣ እዩ እላለሁ።

ነገሩ ከከፍታ ጋር ይያያዛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሞላ ጠመንጃ ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑ ወደፊት ይወረወርና ሲሊንደሩ ውስጥ ያገኘውን አየር ይጨምቃል። አየሩ ከሳሳ ጥይቷን የሚገፋት ኃይል ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ የፒስተኑን ግጭት የሚያለዝበውም ያው ስስ አየር ነው። ጠንካራ ሞላ ስትጨምሩበት ፒስተኑ የሲሊንደሩን ጫፍ በባሰ ጉልበት ይመታል፤ ጎሚኒው ይሰነጠቃል፣ የመነጽሩ ብሎን ይላላል፣ ኢላማም ይበላሻል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ደሴ ላይ አልመጣም ብላችሁ አትደንግጡ። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላል።

እንግዲህ ጎሚኒው። የድሮ ጠመንጃዎች የቆዳ ነው ያላቸው። ቆዳ እዚሁ ይሠራል፤ ኮምቦልቻ እኮ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፣ የለፋ ወፍራም ቆዳ አይቸግርም። ችግሩ ዘይት ይፈልጋል። እንደ ባቲና ቆቦ ባለ ሙቀት ከረሳችሁት ይደርቃል፣ አየር ያሳልፋል። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፕላስቲክ ግን ብዙ እንክብካቤ አይሻም፣ ይቆያል። ግን ልኩ ፍንክች አይልም፤ የ26 ሚሊ ሜትሩ 25 ውስጥ አይገባም። ሰው ሻጩን «የ4.5 ነው» ወይም «የ5.5» ይለዋል፤ እሱ የጥይቷ ልክ ነው፣ ለጎሚኒ አይጠቅምም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የቆዳውን ፒስተን ወደ ፕላስቲክ መለወጥ ካማራችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቶርኖ ቤት ያስኬዳል።

የብረት ሞላና ጋዝ ሲወዳደሩ፣ ጋዙ የመኪና የኋላ በር እንደሚያነሳው ዘንግ ነው። አይንቀጠቀጥም፣ ተቀባብሎ ቢቆይም አይደክምም። የብረቱ ሞላ ይደክማል፣ ይሰበራልም፤ ግን ተሰብሮም ቢሆን ብዙ ጊዜ ደከም ብሎ ይተኩሳል፣ ሲቀየርም ርካሽ ነው። ጋዙ ካፈሰሰ አለቀ፤ ሙሉውን ለዚያው ሞዴል የተሠራ መግዛት ነው። ሲቀባበልም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ የሚያቀባብል ሰው ለክንዱ ይዘንለት፣ ብረቱን ይግዛ። አልፎ አልፎ በእርጋታ ለሚተኩስ ጋዙ ይመቻል።

ሞላም ጎሚኒም ከመቀየራችሁ በፊት ግን አፈሙዙ ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበትን ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ፈትሹ። ጥይት አጉርሳችሁ መጋጠሚያው ላይ ስስ የሶፍት ቁራጭ ጣል አድርጉና ኢላማው ላይ ተኩሱ። ሶፍቱ ብድግ ካለ አየሩ በዚያ እየወጣ ነው፤ ለሞላ ያሰባችሁት ብር ኪሳችሁ ይቆይ።

ሲሊንደሩ ውስጥ የሞተር ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ የሚያንጠባጥቡ አሉ። ሲጨመቅ እንደ ናፍጣ ሞተር ይቀጣጠላል። ድምፁ ያስደስታቸዋል መሰለኝ፤ ጎሚኒውን ግን ያቃጥለዋል። እዚያ የሲሊኮን ዘይት ጠብታ፣ ሞላው ላይ ደግሞ ስስ ግራሶ ይበቃል። ሞላው ተጨምቆ ነው የተቀመጠው፤ ያለ መጭመቂያ ከፈታችሁት ፊት ላይ ይወረወራል። ፈቃዱን በተመለከተ ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ፖሊስ ጠይቁ፤ ኬላ ላይ ያለ ሰው ከሩቅ ሲያየው አየር ይሁን ባሩድ አይለየውም።