ትራሴ ስር ያለው ደወል፦ ደብረ ብርሃን ላይ የዘጠኝ ወር ልምዴ

በር ሲጠራና ልጅ ሲያለቅስ በመብራትና በንዝረት የሚነግረኝ ዕቃ እጄ የገባው ባለፈው ነሐሴ ነው። አሁን ግንቦት ነው። በነዚህ ዘጠኝ ወራት ያለሱ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ቢቆጠሩ አስር አይሞሉም። በሁለተኛው ቀን ልጽፍ ተነስቼ ነበር፤ እንኳንም ተውኩት። ያኔ ብጽፍ ደስታዬን ብቻ ነበር የምጽፈው፤ ውርጩንና የመብራቱን መጥፋት ገና አላየሁም ነበር።

መጀመሪያ ስለራሴ ትንሽ ልበል። መስማት የተሳነኝ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ማጅራት ገትር ያዘኝ፤ እኔ ተረፍኩ፣ ጆሮዬ በዚያው ቀረ። የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ሞክሬ ነበር፣ ለኔ የሚጨምርልኝ ነገር የለም። አፌን ከፈታሁ በኋላ ስለሆነ እናገራለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ደግሞ በምልክት ቋንቋ ነው የማወራው። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጊቢ ውስጥ ባለ ኪራይ ቤት ነው። ባለቤቴ ይሰማል። ሹፌር ነው፣ በደሴ መስመር ይሠራል፣ በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት ቤት አያድርም። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረው ወንድ ልጅ አለን።

ዕቃው አራት ቁራጭ ነው። አንዱ የውጭ በር ላይ የሚለጠፍ መጥሪያ ነው። ሁለተኛው ልጁ የሚተኛበት አጠገብ ይቀመጣል፣ ልቅሶ ሲሰማ ምልክት ይልካል። ሦስተኛው ዋናው ተቀባይ ነው፤ በር ሲጠራ በነጭ፣ ልጅ ሲያለቅስ በሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አራተኛው ከዋናው ጋር በሽቦ የተያያዘ፣ ትራስ ስር የሚገባ ክብ ነገር ነው። የስኒ ማስቀመጫ ያህላል፤ ሲነዝር ግን ጠንካራ እንቅልፍ አይቋቋመውም። እርስ በርስ የሚገናኙት በ433 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ስለሆነ ዋይፋይም ኢንተርኔትም አይፈልጉም። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሥራ የሚያቆም ዕቃ ቢሆን ኖሮ ልጄን ለሱ አልተውም ነበር።

የባለቤቴ እህት ዱባይ በ210 ድርሃም ገዝታ በሰው ላከችልኝ። የአምራቹን ስም አልጻፍኩም፤ ይሄው ዕቃ የተለያየ ስም እየተለጠፈበት ነው የሚሸጠው። ስትገዙ ስሙን ትታችሁ የሚሠራውን ሥራ እዩ።

ከሱ በፊት እንዴት ነበር? እናቴ ከመሐል ሜዳ መጥታ ክርስትናው እስኪያልፍ፣ ከዚያም ሐምሌን ሙሉ አብራኝ ነበረች። ማታ ማታ አጠገባችን ትተኛለች፣ ልጁ ሲያለቅስ ትከሻዬን ነካ ታደርገኛለች። የመሄጃዋ ቀን ሲደርስ ከነጠላ ጥለት ክር ፈትላ አንዱን ጫፍ የልጁ ቁርጭምጭሚት ላይ ላላ አድርጋ አሰረች፣ ሌላውን የኔ አንጓ ላይ። ሲያለቅስ ይወራጫል፣ ክሩ ይስበኛል። ብዙ ጊዜ ሠርቷል። ግን ክሩ እግሩ ላይ ይጠብቅ ይሆን፣ አንገቱ ላይ ይጠመጠም ይሆን እያልኩ በየሰዓቱ እየነቃሁ በስልኬ መብራት ፊቱን አይ ነበር። ማንም እናት ክር እንድትሞክር አልመክርም፣ ለሕፃን አደጋ ነው። አንድ ቀን ክሩ ተፈትቶ አደረ። ንጋት ላይ ስነቃ የልጄ ዓይን አብጧል፣ ጉንጩ ላይ እንባው ደርቋል። ስንት ሰዓት እንዳለቀሰ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በዚያው ቀን ነው ለባለቤቴ እህት የጻፍኩላት።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርዷን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ሰው ብርድ ልብስና ጋቢ ደራርቦ፣ ተከናንቦ ነው የሚያድረው። ስለዚህ የሚበራው መብራት ለሌሊት እዚህ ብዙም አይጠቅምም። ማስታወቂያው ላይ ያለችው ሴት ፊቷን ገልጣ ነው የተኛችው፣ እኛ ጋ እንደዚያ የሚተኛ የለም። እዚህ ሥራውን የሚሠራው ነዛሪው ነው። መጀመሪያ ፍራሹ ስር አደረግኩት፣ የጥጥ ፍራሹ ንዝረቱን ዋጠው። ከዚያ ትራስ ስር፣ እሱም ሌሊት እየተንሸራተተ ይወጣል። አሁን ትራስ ልብሱ ውስጥ ኪስ ሰፍቼለት እዚያ ነው የሚያድረው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ሳይቀሰቅሰኝ ቀርቶ አያውቅም።

የልቅሶ ጠቋሚው ጎኑ ላይ ትንሽ ማስተካከያ አላት። ምን ያህል ድምፅ ሲሰማ ምልክት እንዲልክ የምትወስነው እሷ ናት። የሚሰማ ሰው ይሄን በአምስት ደቂቃ ያስተካክላል፣ እኔ ግን አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ነሐሴ ላይ በረዶ ሲዘንብ የቆርቆሮ ጣሪያው ይጮሃል መሰለኝ ሌሊቱን ሙሉ አነቃኝ። ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ልጁ እየተነጫነጨ ጠቋሚው ዝም ይላል። ጥቅምት ላይ የባሰ መጣ። ቅዳሜ ሌሊት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይነዝራል፣ ተነስቼ አያለሁ፣ ልጁ ተኝቷል። ተመልሼ እተኛለሁ፣ ይነዝራል። በሳምንቱ ቅዳሜም እንደዚያው። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ወሰንኩ። ለአከራያችን ለእማማ ስነግራቸው ሳቅ አሉና «የጽጌ ማኅሌት ነው እኮ ልጄ!» ብለው ጻፉልኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ወደኛ አቅጣጫ የዞረ ነው ለካ። ወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፣ ማኅሌቱ ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት ይቆማል። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ሄጄ እሰማው የነበረ ነገር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ትራሴ ስር ሲንቀጠቀጥ ደረሰኝ። ማወቄ ደስ አለኝ፤ ጠቋሚውን ግን ከመስኮቱ አንስቼ የልጁ ራስጌ አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አደረግኩት፣ ማስተካከያውንም ዝቅ አደረግኩት። ለቅሶው ቅርብ ስለሆነ ይይዘዋል፣ የሩቁን ድምፅ ይተወዋል። ይሄ ነው ዋናው ዘዴ፦ አቅርቡት፣ ከዚያ ዝቅ አድርጉት።

አሁን ወደ በሩ። ዕቃውን ስገዛ ስለልጁ ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ ይበልጥ ሕይወቴን የለወጠው ግን መጥሪያው ነው።

መስማት የማይችል ሰው ቤት በር አይንኳኳም። ሰው መጥቶ «ቤቶች!» ይላል፣ መልስ የለም፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይገባል። ጎረቤት ይገባል፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ይገባል፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ይገባሉ። ልብስ እየቀየርኩ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያገኘሁበት ቀን አለ። ልጄን እያጠባሁ ቀና ስል የማላውቀው ወንድ ከፊቴ ቆሞ ያውቃል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ሲያጣ ነው የገባው። በሩን ቆልፌ ልቀመጥ ስል ደግሞ «ምን ሆናለች» ብለው ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ስሆን ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ወጥ ስሠራም፣ ልብስ ሳጥብም ዓይኔ በር ላይ ነው።

መጥሪያው ከተለጠፈ በኋላ ከላዩ በትልቁ ጻፍኩ፦ «እባክዎ ይጫኑ፣ መብራት ይነግረኛል።» እማማ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አላቸው። እሳቸው ጠጠር መስኮቴ ላይ ወርውረው፣ ወይ መብራቴን ከውጭ ጠፋ በራ አድርገው ነበር የሚጠሩኝ፣ እንደ ልጃቸው ነኝ። «እኔንም እንደ እንግዳ?» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፤ የገቡብኝን ሰዎች፣ ያን ሰውየ፣ ሁሉንም። ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሳቸው በላይ መጥሪያውን የሚጫን የለም፣ የመጣውን ሰው ሁሉ «ተጫን እንጂ!» የሚሉትም እሳቸው ናቸው። አሁን ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ ቡና እቆላለሁ። ነጩ መብራት ሲበራ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ስፈልግ እከፍታለሁ። ልጄ ጤነኛ ጆሮ አለው፣ ግን መብራቱ ሲበራ ከኔ ቀድሞ ወደ በሩ እየዳኸ ይሄዳል።

ችግሮቹን ልናገር። መጥሪያውን መጀመሪያ ቆርቆሮው በር ላይ ነበር የለጠፍነው። ከአስር አንዱ ብቻ ነበር የሚደርሰው። ብረት ላይ የተለጠፈ ሬዲዮ ሞገዱ በብረቱ ይታፈናል። ባለቤቴ ወደ እንጨቱ ምሰሶ አዛወረው፣ ከዚያ ወዲህ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ጥር ላይ ሰው ሳይኖር መብራቱ ይበራ ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ እየወጣሁ ባዶ መንገድ አያለሁ፣ የሰፈር ልጆች ናቸው ብዬ ተቆጣሁ። ለካ ፊት ለፊታችን ያሉት ሰዎች የዘፈን መጥሪያ ገዝተዋል፣ መጥሪያውና ተቀባዩ የሚተዋወቁበት ኮድ ከኔ ጋር አንድ ሆኗል። መናኸሪያ አካባቢ ያለ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ከፍቶ የኮዱን መቀየሪያ ቦታ አዛወረልኝና ተገላገልኩ። ልጆቹን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ባትሪው ደግሞ ሌላ ነው። መጥሪያው የሚጠቀመው 23ኤ የምትባለውን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። ሱቅ ውስጥ ከጠየቃችሁ ላታገኟት ትችላላችሁ፤ የመኪና ሪሞት የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ጠይቁ። ዋጋዋ ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታ ጠዋት ጠዋት መጥሪያው አይሠራም፣ ፀሐይ ሲወጣ ይሠራል። ብርድ ባትሪን ያደክማል። በየሁለት ወሩ፣ ሳታልቅ እቀይራታለሁ።

መብራት ሲጠፋ ዋናው ተቀባይ አብሮ ይጠፋል፣ ውስጡ ባትሪ የለውም። ለኔ ትልቁ ድክመቱ ይሄ ነው፤ መስማት ለተሳነው ሰው የተሠራ ዕቃ መጠባበቂያ ባትሪ ሳይኖረው መሸጥ አልነበረበትም። ደግነቱ በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው የሚሠራው፣ ፓወር ባንክ ላይ ሰክቼው ያድራል። ግን አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልኩ ሞላ ብሎ ራሱን ያጠፋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሌሊት ሳላውቅ ያለ ጠባቂ አድሬያለሁ። ስትገዙ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ማደሩን አስቀድማችሁ ሞክሩት።

«ስልክሽ አይበቃም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አንድሮይድ ላይ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድምፅ የሚጠቁም ነገር አለ፤ የሕፃን ልቅሶ፣ የበር መንኳኳት፣ የውሻ ጩኸት ሲሰማ ስልኩ ይነዝራል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ሞክሬዋለሁ። ለቀን ደህና ነው፣ ለሌሊት ግን የስልክ ንዝረት ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በታች አይደርስም። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን የጉግል መተግበሪያ ግን በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፣ አማርኛ ይችላል። ጤና ጣቢያ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። እናቴ ፈጠን ብላ ስታወራ ይደናበርበታል፣ ኔትወርክ ሲደክምም ዝም ይላል። ዕቃውና ስልኩ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። እኛ አገር በብርድ ጊዜ ከሰል ቤት አስገብቶ መተኛት የተለመደ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የጭስ ጠቋሚ ደግሞ አይዘውም፣ ለሱ የራሱ ጠቋሚ ነው ያለው። ያም ቢሆን ለሚሰሙ ሰዎች የተሠራው ይጮሃል ብቻ፤ ከነዛሪው ጋር የሚገናኘውን ፈልጉ። እኔ ከመጪው ኅዳር በፊት አስመጣለሁ። እስከዚያ ከሰሌ ውጭ ነው የሚያድረው።

የነዛሪው ሽቦ በስምንተኛው ወር ከሥሩ ተቆረጠ። ባለቤቴ ቀጠለው፣ ይሠራል፣ ግን ስትገዙ ተጨማሪ ነዛሪ አብራችሁ ውሰዱ፣ ለብቻው ይሸጣል።

ባለፈው ሳምንት እማማ መጥተው መጥሪያውን ተጭነው ገቡና ስልኬን ወስደው ቀስ ብለው ጻፉ፦ «ለኔም አስመጪልኝ። ጆሮዬ እየከበደ ነው፣ ለልጆቼ አልነገርኳቸውም።» የባለቤቴን እህት አዝዣታለሁ። ለሳቸው የልቅሶ ጠቋሚው ስለማያስፈልግ መጥሪያና ነዛሪ ብቻ ያለውን ነው የምታመጣው፣ እሱ ረከስ ይላል። ኮዱ ከኔ የተለየ እንዲሆን ብቻ ነው ያሳሰብኳት።